የሌሉት ከብቶች ሰላም ናቸው

ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ ከአሮጌው መናኸሪያ ፊት ለፊት ባለው የናሁሰናይ ሱቅ፣ ዕቃው ራሱን ይሸጣል። ደንበኛው ሄልሜቱን አውልቆ ባንኮኒው ላይ ያስቀምጣል፤ ናሁሰናይ አንዱን ማዳመጫ አንስቶ ከሄልሜቱ ውስጥ ይለጥፋል፤ ሰውየው ሄልሜቱን መልሶ ሲያጠልቅ ማዳመጫው ስለ ራሱ ማውራት ይጀምራል። ናሁሰናይ በዚህ መሃል ጥፍሩን ይሞርዳል። ድሮ ሻጭነት ምላስ ይፈልግ ነበር ይባላል።

ኤልዳና ሰኞ ጠዋት ሄልሜቷን በክንዷ አንጠልጥላ ገባች። ሃምሳን ልትደፍን ጥቂት የቀራት ሴት ናት። ስሟ ዛሬ የአያት ስም ሆኗል፤ ልጅ ሳለች በየክፍሉ ሦስት አራት ኤልዳናዎች ነበሩ፣ አሁን ግን ወላጆች ወደ ዘነበወርቅና ወደ በላቸው ተመልሰዋል። ሥራዋ ግንባር ነው። ከጣርማ በር ዋሻ እስከ ደብረ ሲና ባለው ቁልቁለት ጉም ሲወርድ፣ ሾፌር አልባዎቹ ካሚዮኖች ዓይናቸው ይታወራል። ስለዚህ ሕጉ ከፊታቸው አንድ ሞተረኛ፣ ከኋላቸው አንድ ሞተረኛ ይሁን ይላል። የፊተኛው ግንባር፣ የኋለኛው ደጀን ይባላል። ካሚዮኖቹ የግንባሯን ቀይ መብራት እያዩ፣ እናቷን እንደምትከተል ጫጩት ተከታትለው ይወርዳሉ።

ባሏ ከሞተ በኋላ ልጇን አሳድጋ ለወግ ለማዕረግ ያበቃችው በዚያ ቁልቁለት ነው። ሌላ ሥራ አታውቅም፤ ማወቅም አትፈልግም። ከጉሙ ወጥታ ደብረ ሲና ፀሐይ ላይ ተሰጥታ ስትታያት፣ ስንት ዓመት ያየችውን ነገር ዛሬ እንዳየችው ሁሉ ደስ ይላታል። ይህንን ሥራዋን ነው እንግዲህ ከርካሚው ሊነጥቃት የደረሰው።

ከርካሚ የሕዝብ ስም ነው። ባለሥልጣኑ ያወጣለት ስም «የንግግር ቁጠባ» ነው። አየሩ በወሬ ተጨናነቀ ተባለና፣ በአየር የሚሄድ ቃል ሁሉ መጀመሪያ በከርካሚው እንዲያልፍ ተደረገ። ጥቅም ያለው ይሄዳል፤ ትርፉ ይቀራል። እናት ለልጇ ደውላ ስለ ጤናው፣ ስለ ብርዱ፣ ምሳ ስለ መብላት አለመብላቱ ጠይቃ ስታበቃ፣ ልጁ ጋ የሚደርሰው «እናትህ ደውላለች፤ አዲስ ነገር የለም» የሚል ነው። ልጁም አፉን ማድከም የለበትም፤ ማዳመጫው በልጁ ድምፅ «ደህና ነኝ» ብሎ ይመልስለታል። ሰው መጀመሪያ ሰሞን አጉረመረመ። ከዚያ ለመደው። ሰው ምን የማይለምደው አለ?

ኤልዳና ግን አልለመደችውም። ያረጀችው ማዳመጫዋ ከርካሚ ያልተገጠመላት ስለሆነች፣ ሕጉም አሮጌ ዕቃ እስኪሞት ያገልግል ስለሚል፣ እሷና ደጀኗ ጋሽ ሙስአብ እንደ ጥንቱ ሰላም እየተባባሉ ይወርዱ ነበር። የእነሱ ሰላምታ ደግሞ ከዋሻው አፍ ተጀምሮ ደብረ ሲና መግቢያ ላይ ነው የሚያበቃው። እንዴት አደርሽ ተብሎ፣ ቤቱ ተጠይቆ፣ ልጁ ተጠይቆ፣ ጎረቤቱ፣ ዝናቡ፣ እህሉ ተጠይቆ፣ መጨረሻ ላይ ከብቱ ይጠየቃል። የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ የመጣው ስለ ርዝመቱ ነበር። ሁለተኛው ስለ ሐሰት መረጃ ነው። ጋሽ ሙስአብ በየቀኑ «ከብቱስ?» ይላታል፤ እሷም «ደህና ናቸው፣ ተመስገን» ትላለች። መዝገቡ ሲገለጥ ግን ኤልዳና ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር፣ እንኳን ከብት ዶሮ የሌላት ሴት ሆና ተገኘች። የሌሉ ከብቶችን ሰላም ናቸው ብላ በሥራ ሰዓት ስለ ማሳወቋ ተወቀሰች። ለሦስተኛ ጊዜ ከተደገመ ከግንባርነት ትነሳለች። ቅዳሜ ተቆጣጣሪ አብራቸው ትወርዳለች ተብሏል። በዚህ ሁሉ ላይ ያቺ አሮጌ ማዳመጫ እሑድ ዝናብ ገባትና እስትንፋሷ ወጣ።

«እንግዲህ ምረጪ፣ እትዬ ኤልዳና» አለ ናሁሰናይ።

መምረጥ ቀላል አልነበረም። ኤልዳና ከሄልሜቷ ሥር ሻሽ ታስራለች፤ ወፍራም ማዳመጫ ጆሮዋን ይጫናታል። ቁልፉ በጓንት የሚገኝ መሆን አለበት፤ ማይኩ ነፋስ የማይጠጣ። በመጀመሪያ ጭምት የሚባለውን ሞከረች። ስስ ነው፤ ሻሹን አልነካም።

«ጭምት እባላለሁ» አላት በለሰለሰ ድምፅ። «ከምትናገሪው ውስጥ የሚያስፈልገውን አውቃለሁ።»

«እንዴት አድርገህ አወቅህ?»

ጭምት አልመለሰም። ጥያቄው ትርፍ መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ታማኝ ይባላል። ይሄኛው በራሷ ድምፅ ነው ያናገራት፤ የራሷ ሆኖ እንቅልፍ በጠገበ ድምፅ። «ሲደክምሽ እኔ እመልስልሻለሁ» አላት። ኤልዳና ገላዋን ሰቀጠጣት። ሄልሜቷን አውልቃ መደርደሪያውን ቁልቁል ስታይ፣ ከታች ጥግ ላይ አቧራ የለበሰ፣ እንደ ሳሙና የወፈረ ቢጫ ነገር ተመለከተች። ቁልፉ የአውራ ጣት ያህላል።

«ይሄስ?»

«እሱ የትራክተር ነጂዎች ነው። ከርካሚ የለውም። ድምፁን ጥሬውን ነው የሚወስደው፣ ከነነፋሱ ከነሳሉ።»

«ክልክል ነው?»

«ክልክልስ አይደለም። ረስተውት ነው።»

ኤልዳና ቢጫውን አየችው፤ ቅዳሜን አሰበች። ናሁሰናይ ሞረዱን አስቀመጠ። «ጋሽ ሙስአብ ትናንት ማታ መጥተው ታማኝን ገዝተዋል» አላት። «የእኔ አሮጌ ገና ይሠራል፣ ግን ልጅቷን በእኔ አፍ ከሥራዋ አላስነሳትም አሉ።»

ይህን ስትሰማ ልቧ ስፍስፍ አለ። እሱ ለእሷ ብሎ አፉን ከዘጋ እሷ ምን ቸገራት? ታማኝን ገዝታ ወጣች።

የዚያኑ ቀን ከዋሻው አፍ ላይ ጉሙ ግድግዳ ሆኖ ቆሟል። ኤልዳና ሞተሯን አስነስታ እንደ ልማዷ «ጋሽ ሙስአብ፣ እንዴት አደሩ?» አለች።

«ደጀን ዝግጁ ነው» አላት የጋሽ ሙስአብ ድምፅ።

«ቤት ሰላም ነው?»

ምንም የለም። የነፋሱ ድምፅ እንኳ የለም፤ ታማኝ ነፋሱንም ከርክሞታል። ኤልዳና መልስ ሳትጠብቅ ወደ መጀመሪያው መታጠፊያ ገባች። መንገዱ ያው መንገድ ነው፣ ገደሉም ያው ገደል፤ ነገር ግን ጨው እንደሌለው ወጥ አልጥምሽ አላት። ከኋላዋ ያለው ካሚዮን አንዴ ይርቃል፣ አንዴ መብራቱን ጀርባዋ ላይ ያሳርፋል። ዕቃውን ስላልለመድኩት ነው ብላ አለፈችው። ደብረ ሲና ስትደርስ በጆሮዋ «ትርፍ ቃል የለም፤ እናመሰግናለን» ተባለች።

ጋሽ ሙስአብ ግን አላመሰገናትም። ስድሳውን ያለፈ፣ ጢሙን ሂና የሚቀባ፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ ሰው ነው። ሁልጊዜ ሞተሩን ከሞተሯ ጎን ያቆማል፤ ያን ቀን ከቆሎ ሻጮቹ ማዶ አቆመ። እጇን ብታነሳለት ፊቱን ወደ ቆሎው አዞረ። ማክሰኞም እንዲሁ። ረቡዕ ጭራሽ ሌላ ሻይ ቤት ገባ። ኤልዳና ቤቷ ገብታ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ተቀምጣ ጥፋቷን ፈለገች፣ አላገኘችውም። ባሏ ሲሞት አርባውን ሙሉ ከቤቷ ያልጠፋ ሰው ፊት ሲነሳት፣ ንዴቱና ሐዘኑ ተደባልቆ እራት አላስበላትም። ሥራዬን ላድን ብላ ሰው ልታጣ መሆኗን ባታውቀውም ሆዷ ጠርጥሯል።

ሐሙስ ደግሞ ከኋላዋ አንዱ ካሚዮን ፍሬን ይዞ ጎማው ጮኸ። በዚያም ሰሞን እንዲህ ያለው ጩኸት በመንገዱ ሁሉ እየበዛ ነበር፤ ሞተረኞቹ ሁሉ ጉሙን ያማሉ። ኤልዳና ወርዳ ሞተሯን እንዳቆመች በቀጥታ ወደዚያ ወደ ሌላው ሻይ ቤት ሄደች። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው።

«ጋሽ ሙስአብ፣ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም።»

«ምንም ያለ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ሻይ አይጠጣም።»

ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«እኔ እንኳ ከአንቺ አልጠበቅሁም፣ ኤልዱ» አለ። «ፈቲያ ወለደች አልኩሽ እኮ።»

«ማን? ፈቲያ? ልጅዎ ፈቲያ?»

«ሌላ ፈቲያ አለችኝ? ስንት ዓመት ስትጠብቅ፣ አንቺም ስእለት ስትሳይላት። ሰኞ ከዋሻው አፍ ላይ፣ ኤልዱ፣ ፈቲያ በሰላም ተገላገለች፣ ወንድ ልጅ አልኩሽ። ማንም ሳይሰማ ለአንቺ። ምን ብለሽ መለስሽልኝ? ‹ተቀብያለሁ፤ ይቀጥሉ።› ምናልባት አልሰማችም ብዬ ማክሰኞ ደገምኩት። ‹ተቀብያለሁ፤ ይቀጥሉ።› ረቡዕ፣ እሑድ አቂቃው ነው፣ ለልጁ በግ ይታረዳል፣ እንዳትቀሪ አልኩሽ። እሱንም ተቀብለሻል።»

«እኔ?»

«በገዛ ድምፅሽ!»

ኤልዳና ወጥታ ሁለቱንም ሄልሜቶች ይዛ ተመለሰች። አንዱን ለእሱ ሰጠችው፤ አንዱን ራሷ አጠለቀች። ጠረጴዛው መሃላቸው ነው። «ይድገሙት» አለችው በእጇ ምልክት።

«ፈቲያ ወንድ ልጅ ወለደች» አለ ጋሽ ሙስአብ።

በኤልዳና ጆሮ «ደጀን ዝግጁ ነው» ተባለ። በጋሽ ሙስአብ ጆሮ ደግሞ ኤልዳና «ተቀብያለሁ፤ ይቀጥሉ» አለችው። አፏ ግን ተዘግቶ ነበር። ሰውየው የተዘጋውን አፏን አየ። ሄልሜቱን ቀስ ብሎ አወለቀና እንደ ጊንጥ ከራሱ አርቆ አስቀመጠው።

«ያ ረቢ» አለ። «ከማን ጋር ነው አራት ቀን ሙሉ የተኳረፍኩት?»

ኤልዳና መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ ሁለቱንም አንድ ላይ አደረገችው። ተነስታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመችና «እንኳን ማርያም ማረቻት! እንኳን ደስ አለዎት! ያሳድግልዎ!» አለች፣ ሻይ ቤቱ ሙሉ እየሰማ። «አሚን፣ አሚን» አለ ጋሽ ሙስአብ፣ እሱም ዓይኑን በጋቢው ጫፍ እየጠራረገ። አራት ቀን የታገተው ምርቃት በአንዴ ወጣ። ስለ ልጁ ክብደት፣ ስለ ፀጉሩ፣ ማንን ስለ መምሰሉ ሁሉ ተጠያየቁ፤ ከዚያ ሻይ ተደገመ።

አርብ ጠዋት ኤልዳና ናሁሰናይ ሱቅ ገብታ ሁለት ታማኞች ባንኮኒው ላይ አኖረች። «በእነዚህ ፋንታ ሁለት የትራክተር ስጠኝ።»

«ነገ ፈተናሽ አይደለም እንዴ?»

«ነው እንጂ።»

«ታዲያ በገዛ እጅሽ? እትዬ ኤልዳና፣ በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ሲባል አልሰማሽም?»

«ናሁ፣ ይሄ ዕቃ በአፌ ገብቶ የማልለውን ብሎ ሰው አስቀየመኝ። ዝንቡ ይሻለኛል። ከግንባር ብነሳም በራሴ አፍ ልነሳ።»

ቢጫው ማዳመጫ ሻሹን ይጫን ነበር። ናሁሰናይ ሞረዱን ትቶ ስፖንጁን በምላጭ አሳሳላት፤ ማይኩንም ነፋስ እንዳያገኘው ወደ አገጯ ዝቅ አድርጎ አሰረላት። በዓመት አንዴም የማይሠራውን ሥራ ሲሠራ ፊቱ ፈካ።

ቅዳሜ ተቆጣጣሪዋ ከዋሻው አፍ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። ዘነበወርቅ ትባላለች፤ ወጣት ናት፣ ቀጭን፣ እንቅልፍ የራቀው ፊት ያላት። በአክብሮት ጎንበስ ብላ ጨበጠቻቸውና ቢጫዎቹን ማዳመጫዎች አየች። ሁለተኛው ካሚዮን ጋቢና ውስጥ ገብታ፣ የማይከረከመውን የተቆጣጣሪ ሬዲዮዋን ከፈተች። ማንም ተቀምጦበት የማያውቀው ወንበር ገና ከነላስቲኩ ነው፤ ስትቀመጥ ሲንኮሻኮሽ ኤልዳና በማዳመጫዋ ሰማችው። ጥሬ ድምፅ ማለት ይህ ነው። ነፋሱም ተመልሷል፤ የጋሽ ሙስአብም ሳል።

አራት ካሚዮኖች ተሰልፈዋል። ጉሙ የዚያን ቀን የባሰ ነው፤ ኤልዳና የፊት ጎማዋን አጥርታ አታየውም። ዛሬ ዝም ብትል ምናልባት ይምሯታል፤ እንድትናገር ማንም አላስገደዳትም። አፏ ግን ቀደማት።

«ጋሽ ሙስአብ፣ እንዴት አደሩ?»

«አልሃምዱሊላህ! አንቺስ እንዴት አደርሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

ይህን ብላ ወደ መጀመሪያው መታጠፊያ ገባች። ድምፁን ስትሰማ ትከሻዋ ላላ። እጇ እጀታው ላይ የድሮ ቦታውን አገኘ።

«ቤቱስ?»

«ደህና ነው። አራሷስ?»

«ደህና ናት፤ አጥሚት በቃኝ እያለች ነው። ልጅሽስ?»

«ደህና ነው። ሕፃኑስ ያስተኛችኋል?»

«እሱ ይተኛል፣ እኛ ነን እሱን እያየን የማንተኛው። ጎረቤቱስ?»

እንዲህ እያሉ መታጠፊያውን አንድ በአንድ ወረዱት። ካሚዮኖቹ ከኋላዋ በሰልፍ ይመጣሉ፤ የሰኞው መቅረብና መራቅ የለም። ኤልዳና ሥራዋን ልታጣ ጥቂት እንደቀራት ታውቃለች፣ ግን አንጀቷ ቅቤ ጠጥቷል። ዝናቡ ተጠየቀ። እህሉ ተጠየቀ። ጋሽ ሙስአብ የመጨረሻውን ሊጠይቅ ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ የተቆጣጣሪዋ ድምፅ ገባ።

«ይቅርታ፣ ግንባርና ደጀን። ትርፍ ቃል ይቁም። ደንቡ ነው።»

ዝም አሉ። ትልቅ ሰዎች ናቸው፤ ደንብ ሲባሉ ደንብ ያከብራሉ። «ተቀብያለሁ» አለች ኤልዳና፣ ዛሬስ በራሷ አፍ፣ እና ያን ጊዜ ያለቀላት መሆኑን አወቀች። የምትጠብቀው ነገር ስለሌለ ወደ ቀጣዩ መታጠፊያ ገባች፤ ከእሱም ወጥታ ወደሚቀጥለው። በዚያ ቁልቁለት ላይ ከዚህ የከፋ መታጠፊያ የለም፤ ግራው ቋጥኝ፣ ቀኙ ባዶ ነው።

ጎማ ጮኸ። አንድ ብቻ አይደለም፣ ሁለት።

«እናቴ!» አለች ዘነበወርቅ። ያ የደንቡ ድምፅ ጠፍቷል። «ኋላዬ ያለው መጥቶ ሊገጨኝ ነው! የእኔው ደግሞ ፊተኛው ጠፍቶበት ቆሟል፣ ጎማው... ጎማው የአስፋልቱ ጫፍ ላይ ነው!»

«ጋሽ ሙስአብ፣ የት ደረሱ?» ጮኸች ኤልዳና ፍሬን ይዛ።

«ገና ላይኛው መታጠፊያ ውስጥ ነኝ! አንቺ ከዚያ ወጥተሻል እንዴ?»

ወጥታለች። ሁለት መታጠፊያ ቀድማዋለች። ሰልፉ እንደ ተጎተተ ላስቲክ ተለጥጧል፤ መሃል ያሉት ታውረው እርስ በርስ ሊላተሙ ነው። በማዳመጫው ውስጥ የወንበሩ ላስቲክ ተንኮሻኮሸ፤ ዘነበወርቅ ወደ ጋቢናው ስክሪን ጎንበስ አለች። ከዚያ የሆነ ነገር የገባት ሰው ድምፅ መጣ።

«ይጠይቋት» አለች። «ጋሽ ሙስአብ፣ ይጠይቋት!»

«ምኑን ልጄ?»

«ያቋረጥኩብዎትን! ከብቱን! እባክዎን ከብቱን ይጠይቋት!»

ጋሽ ሙስአብ ሲጠየቅ የሚያቅማማ ሰው አይደለም። ከመታጠፊያው እስኪወጣ ጠበቀና፣ እንደ ወትሮው፣ ሳይቸኩል፣ «ከብቱስ፣ ኤልዱ?» አለ።

«ደህና ናቸው፣ ተመስገን» አለች ኤልዳና፣ ቆማ እየጠበቀችው። ቀይ መብራቷን ያየው የመጀመሪያው ካሚዮን ከኋላዋ ቆመ። ሁለተኛው ጎማውን ከጫፍ ስቦ ቀስ ብሎ ተከተለ። ሦስተኛው ቦታውን ያዘ።

«ይቀጥሉ!» አለች ዘነበወርቅ። «ሌላ ይጠይቁ!»

«ከብቱ እኮ የመጨረሻው ነው።»

«ታዲያ ጥጃዎቹስ?»

ኤልዳና በዚያ ጭንቅ መሃል ሳቋ አመለጣት። ጥጃዎቹ ተጠየቁ፤ ደህና ናቸው። በጎቹ ተጠየቁ። ንቡ ተጠየቀ። በሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ትልቅ ርስት ተመሠረተ። በየመልሱ አንድ መታጠፊያ እየወረዱ፣ አንዱ ካሚዮን ሌላውን ሳይነካ፣ ጉሙ ከላያቸው ተገፈፈ። ደብረ ሲና ፀሐይ ላይ ተሰጥታ ታየች፤ ከእሷ ወዲያ ቆላው እስከ ዓይን ማብቂያ።

ዘነበወርቅ ከጋቢናው ወርዳ ካሚዮኑን ተደግፋ ቆመች። ኤልዳና ደገፈቻት። ቆሎ ሻጮቹ ከበቧቸው።

«የፍሬኑ ጩኸት በዚህ መንገድ ለምን እንደበዛ እንቅልፍ አጥቼ የምፈልግ እኔ ነኝ» አለች ልጅቷ ትንፋሿ ሲመለስ። «ጉሙ አልጨመረ፤ ካሚዮኖቹ ያው ናቸው። ቅድም ጋቢናው ስክሪን ላይ ርቀታቸውን ሳይ፣ እናንተ ስታወሩ መስመር ይዞ ነበር። ዝም ስትሉ ተበተነ። ጋሽ ሙስአብ፣ እርስዎ የሚጠይቁት ከመታጠፊያ ሲወጡ ነው። እትዬ ኤልዳና ደግሞ ሳይመልሱ ወደ ቀጣዩ አይገቡም። ፊተኛው ኋለኛውን የሚጠብቀው በዚህ ነበር። ታማኝ ግን እርስዎ መታጠፊያ ውስጥ ሆነው ሳለ ዝግጁ ነው ይላል።»

ኤልዳና ጋሽ ሙስአብን አየችው፤ እሱም እሷን።

«ይህን ያውቁ ነበር?» አለችው።

«እኔ መንገድ ስለካ መኖሬን መች አወቅሁ?» አለ ጋሽ ሙስአብ። «ሰላም ነበር የምልሽ።»

«እኔም» አለች ኤልዳና፤ ይህንንም ስትል ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር እንደ እልልታ ተነሳ። የቀደሙት ሞተረኞች ለእሱ፣ እሱም ለእሷ ያስተላለፈው፣ ትርፍ ነው ተብሎ ሊጣል የነበረው ነገር፣ ስንት ካሚዮን ከገደል ሲመልስ ኖሯል! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኸው ነው።

ዘነበወርቅ ማስጠንቀቂያዎቹን እዚያው ሰረዘቻቸው። ከዚያ ወደ ጋሽ ሙስአብ ዞራ «ግን ሕፃኑ ማንን ነው የሚመስለው?» አለች። ሁሉንም ሰምታለች። እሑድ አቂቃው ላይ ከኤልዳና አጠገብ ተቀምጣ ሥጋ ስትበላ ታይታለች።

ባለሥልጣን ባለሥልጣን ነውና፣ ሲፈቅድም በደንብ ነው። በወሩ አዲስ መመሪያ ወጣ፤ ስሙ «የርቀት ማስጠበቂያ ንግግር» ነው፤ በጉም ውስጥ ሰላምታ ያቋረጠ ሞተረኛ ይጠየቃል። ሕዝቡ ሰላምታ ይለዋል። የናሁሰናይ ቢጫ ማዳመጫዎች ከታች ጥግ ተነስተው መስታወቱ ውስጥ ገቡ፤ ራሳቸውን ስለማይሸጡ ናሁሰናይ አፉን መፍታት ነበረበት፣ አሁን ማን ያስቆመዋል? ከጣርማ በር ቁልቁል በየጠዋቱ ሞተረኞች በጉሙ ውስጥ ስለ ቤት፣ ስለ ልጅ፣ ስለ እህል ሲጠያየቁ ይሰማል። ወጣቶቹ መጀመሪያ አፍረው ነበር፤ አሁን ከአዛውንቶቹ ብሰዋል። እናቶችም ልጆቻቸው ጋ ሲደውሉ ቢጫውን ማዳመጫ መጠየቅ ጀምረዋል፤ መመሪያው ስለ እነሱ ምንም አይልም፣ ማንም ግን አልከለከላቸውም።

ዘነበወርቅ አልፎ አልፎ ትመጣለች፤ ሥራ ነው ትላለች። አንድ ጠዋት ጋሽ ሙስአብ የልጅ ልጁን ሊያስከትብ ፈቃድ ወሰደና፣ ዘነበወርቅ እሱን ተክታ ደጀን ሆና ወረደች፤ መንጃ ፈቃዷን ያወጣችው በዚያው ሰሞን ነው። ጥያቄውን ገና አልለመደችውምና፣ ያን ቀን ጠያቂዋ ኤልዳና ሆነች። እንዴት አደርሽ አለቻት፤ ቤቱን፣ እናቷን፣ ጎረቤቷን ጠየቀቻት። ከክፉው መታጠፊያ አፍ ላይ ስትደርስ ሞተሯን ገታ አደረገች።

«ከብቱስ?» አለች።

በጉሙ ውስጥ ዝም ተባለ። ዘነበወርቅ አዲስ አበባ ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገች ልጅ ናት፤ ከብት የነካችው በሰሃን ላይ ነው። ከዚያ ከላይኛው መታጠፊያ የወጣ ሞተር ድምፅ ተሰማ፤ ከእሱም ጋር ድምፅዋ፣ ከነነፋሱ።

«ደህና ናቸው፣ ተመስገን።»

ኤልዳና ይህን ሰምታ ወደ መታጠፊያው ገባች።